የዶብሪ ግራ ቅንድብ

በእኛ ከተማ ሰው ሲሞት ከቄሱ በፊት የሚፈለገው ስቶይመን ነበር። ነበር ነው የምለው፤ አሁን ሰዉ ወደ ሌላ ይሄዳል። የስቶይመን ፎቶ ቤትና የእኔ አበባ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሁለታችንም ወደ መቃብሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን። ፎቶውን ከእሱ ያሠራሉ፣ አበባውን ከእኔ ይገዛሉ። ለሙት ጎዶሎ ቁጥር አበባ እንደማይሰጥ የማያውቅ ደንቆሮ ሲመጣብኝ ተቆጥቼ አንዷን ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ስሜ ዝላታ ነው። ምላሷ ይጎመዝዛል ይሉኛል፤ ይበሉ።

የሙት ወረቀት የሌለበት ግንብ እዚህ የለም። የሟቹ ፊት ከነስሙ ይታተምና በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶው፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ይለጠፋል። ሲቀበር ይለጠፋል፣ ለአርባው ይለጠፋል፣ ለሙት ዓመቱ ይለጠፋል። ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ የምናነበው እሱን ነው። ልጆቻችን ጠቅልለው ጀርመንና ስፔን ከገቡ ወዲህ ደግሞ ከተማው ውስጥ ከሕያው ፊት የሙት ፊት ይበዛል።

እነዚያን ፊቶች ሁሉ የሠራው ስቶይመን ነው። ቤተሰቡ የሚያመጣለት ፎቶ መቼም ደህና ሆኖ አያውቅም። አንዱ ሠርግ ላይ አፉን በሥጋ ሞልቶ የተነሳ ነው፣ ሌላው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ሌላዋ ግማሽ ፊቷ በእህቷ ትከሻ የተጋረደ። ስቶይመን ተቀምጦ መጨማደዱን ያለሰልሳል፣ የጎደለውን ጥርስ ይተክላል፣ በሕይወቱ ክራባት ነክቶ ለማያውቅ ግንበኛ ክራባት ያስርለታል። "ሰው ወደ ላይ ሲሄድ አምሮ ይሂድ" ይል ነበር። ልጅ የለውም። ሚስቱ ሶንያ የሞተች ጊዜ ፎቶዋን ሲያሳምር ሰንብቶ በመጨረሻ ያወጣት የሃያ ዓመት ልጃገረድ አድርጎ ነው። ቀብሩ ላይ የመጣ ሰው ማን እንደሞተ ጠፍቶት እርስ በርሱ ሲጠያየቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩበትም፤ የወደዳት የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች ነው።

ኩናን እዚህ ላይ ላስተዋውቅ፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው። ኩና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። ባሏ ምላዴን ሲሞት ብቻውን የተነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። ስቶይመን ዓይኑን ገለጠለት። ኩና ወረቀቱን ይዛ እኔ በር ላይ ቆማ "እትዬ ዝላታ፣ አየኝ እኮ፤ ምላዴን አየኝ" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ ስቶይመን ፎቶ አንሺ አልነበረም፤ የሙታንን ዓይን የሚገልጥ ሰው ነበር። የቀረቻት አንዲት ልጅ ራሊጻ ናት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንደሚባለው፣ ኩና በዚያች ልጅ ነፋስ እንኳ አታስነካም ነበር።

ሌላው የዶብሪ ነገር ነው። ዶብሪ የኖራ ምድጃ ሠራተኛ ነበር። ገና በጎረምሳነቱ የፈላ ኖራ ፈንጥቆበት ግራ ቅንድቡ ተቃጥሎ ሳይበቅል ቀረ። በመኸር የሞተ ጊዜ ሚስቱ ስታና የተሠራውን ፎቶ ልትወስድ መጣች፤ እኔም አበባዋን ይዤላት ፎቶ ቤቱ ገብቼ ነበር።

"ቅንድብ ለምን አበቀልክበት?" አለችው። "ዶብሪ ግራ ቅንድብ የለውም። እኔ የማውቀው ባዶውን ነው።"

"አምሮ ይሂድ ብዬ ነው፣ ስታና።"

"አምሮበትማ አያውቅም። እግዜርም ግራ ተጋብቶ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው ብሎ ይመልስብኛል።"

ሦስታችንም ሳቅን፤ ለቅሶ ቤት ውስጥም ይሳቃል። ስቶይመን እንደነገረን መጀመሪያ የቀኙን ቅንድብ ገልብጦ ግራው ላይ ሊለጥፍ ሞክሮ አልሆን ብሎታል። ስለዚህ ከራሱ ፈጥሮ ሣለው፤ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ቀልድ የሰማ ሰው ቅንድብ። ስታናም "እንግዲህ ይሁንለት" ብላ ወሰደችው።

በዚያው ክረምት ስቶይመን የደበዘዘ ፊት የሚያጠራ አዲስ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ለመቃብር ድንጋይ የሚቀረጽ ፎቶ ጥራት ይፈልጋል። ፕሮግራሙ ያልታየውን የፊት ክፍል ራሱ ገምቶ ይሞላል። ጣጣው፣ የሚሞላው በባዕድ ፊት ነበር፤ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አስገብቶ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ላይ ያለ ጎረምሳ አወጣለት። ስቶይመን ተናደደ። የከተማችንን ሙታን ሁሉ፣ ዕድሜ ልኩን ያሳመራቸውን ፊቶች፣ አንድ በአንድ አስገባና ከእነሱ እንዲማር አደረገው።

"አሁን የእኛን ሰው አወቀ" አለኝ ደስ ብሎት። "ጉንጫችንን ያውቃል፣ አፍንጫችንን ያውቃል።"

"የሚያውቀው ሙታኑን ነው" አልኩት።

"የእኛ ሰው ማለትስ ማን ሆነና?" አለ።

በጸደይ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ራሊጻ ከነርሲንግ ትምህርት ቤት ለበዓል መጣች። በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ፎቶ ላንሳው ብላ አመሻሽ ላይ ወደ ድልድዩ ወጣች። መኪና ገጭቷት ሄደ። አልቆመም። የድልድዩ ብረት ላይ ተጣጥፋ ያገኟት ከማሳ የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ስልኳ አልተገኘም። ፖሊስ መጥቶ የጎማውን ዱካ ሲለካ ዝናብ ወረደበት፤ ያየ ሰው የለ፣ የሰማ ሰው የለ። ሬሳ ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ የዶብሪ ልጅ ቬሊን ነበር። ቬሊን በነጭ መኪና ለየመንደሩ ዳቦ የሚያደርስ፣ ከእኔ ሱቅ ሲያልፍ ጥሩምባ የሚነፋልኝ ዝምተኛ ልጅ ነው።

ኩና አላበደችም። ብታብድ ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ማን ነው? ገበያ ላይ፣ ፋብሪካ በር ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሻማ እያበራች፣ ማን ነው? የዳቦ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በሚጠይቅበት ድምፅ ነበር የምትጠይቀው።

ለአርባዋ አበባ ልታኖር ወደ ድልድዩ ወረደች። ወንዙ ጎድሎ ነበር። ሸምበቆው መሃል ስልኩን አገኘችው፤ ተሰነጣጥቋል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። በሻሿ ጠቅልላ በቀጥታ ወደ ስቶይመን አመጣችው። በር ላይ ያዝኳት።

"ለፖሊስ ስጪው፣ ኩና። ይሄ የእነሱ ሥራ ነው።"

"ፖሊስ?" አለችኝ። "ልጄን የለካት ዝናቡ ነው፣ እትዬ ዝላታ።" ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። "ጋሽ ስቶይመን፣ የምላዴንን ዓይን የገለጡት እርስዎ ነዎት። ልጄ የመጨረሻ ያየችውን ያሳዩኝ።"

ለዚህ እንቢ የሚል ማን አለ? እኔም ብሆን እንቢ አልልም። ስቶይመን እጁን በልብሱ ጠርጎ ስልኩን ተቀበላት።

ስልኩ አልሠራም አለ። ውስጡ ያለችውን የጥፍር ታህል ሚሞሪ ካርድ አወጣና አድርቆ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት። ውሃ አግኝቷት የተበላሹትን ፎቶዎች በቁርጥራጭ መልቀም ጀመረ። የለቀመውንም ይሁን የሠራውን እዚያችው ካርድ ላይ መልሶ ያስቀምጥ ነበር፤ ሁልጊዜም የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ የሠርግ ፎቶ ሲሠራም አሳምሮ ካርዱን ከነሥራው ለባለቤቱ ያስረክባል፤ አንድም ቀን ችግር ገጥሞት አያውቅም።

በመጨረሻ አንድ ግማሽ ፎቶ አገኘ። የድልድዩ ብረት፣ የነጭ መኪና አፍንጫ፣ የፊት መስታወት፣ ከመስታወቱ ኋላ ደግሞ ከምስር ፍሬ ያነሰች ግራጫ ነገር። ያቺን ግራጫ ነገር ይዞ ተቀመጠ። አበራት፣ አተለቃት፣ ለፕሮግራሙ ሰጣት፤ ዓይን የመሰለ ነገር መጣ። የመጣውን መልሶ ሰጠው፤ አፍንጫ መጣ። እንደገና ሰጠው፤ አፍ መጣ። እየሰጠ እየተቀበለ፣ እየሰጠ እየተቀበለ፣ አንድ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ሶንያ ከሞተች ወዲህ ስቶይመን ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ኩናን አስጠራት። ስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ከመስታወት ኋላ ጥርት ብሎ እያየን ነበር፤ ሰፊ ጉንጭ፣ አጭር አፍንጫ፣ ወፍራም ቅንድብ። ኩና አላለቀሰችም። ጣቷን አስጠግታ ሳትነካው መለሰች።

"ቬሊን ነው" አለች።

"አይደለም" አልኩ እኔ። "ቬሊን የሬሳ ሣጥኗን የተሸከመ ልጅ ነው።"

"የዶብሪ ዘር ነው። ጉንጩን እይው። መኪናው ነጭ ነው።"

ስቶይመን ስክሪኑን ነበር የሚያየው። በሥራው የኮራ ሰው ዝም ሲል አውቀዋለሁ። ያን ዕለት ያለው ዝምታ እንደዚያ ነበር። ኩና "አትሙልኝ" አለችው፤ አተመላት። እንደ ሙት ወረቀት አድርጎ፣ ከላይ ፊቱን፣ ከታች "ራሊጻን የገደላት ይህ ነው" የሚል። ዕድሜ ልኩን ሌላ ዓይነት ወረቀት አትሞ አያውቅምና እጁ የለመደውን ሠራ። ኩና ራሷ ሙጫና ብሩሽ ይዛ በየምሰሶው ለጠፈችው። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ፊት አንጠራጠርም። እዚያ የተለጠፈ ሁሉ ሞቷል፤ አለቀ፤ ማንም ተነስቶ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቬሊን ዳቦውን ጭኖ ሲመጣ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። ጥሩምባውን ነፋልኝ፣ መኪናውን አቆመ፣ ምሰሶው አጠገብ ሄዶ አነበበ። ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እትዬ ዝላታ፣ ይሄ እኔ ነኝ?" አለኝ።

"አይደለህም፣ ልጄ።"

"እኔን ይመስላል እኮ።"

ፖሊሶች ያን ምሽት የት ነበርክ ሲሉት ወንዙ ዳር ወደ ላይ ወጥቼ ብቻዬን ዓሣ ሳጠምድ ነበር አለ። ብቻውን ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ምን ምስክር አለው? አሰሩት። ስልኩንም ካርዷንም ያኔ ከስቶይመን ወስደው ወደ ዋና ከተማው ላቦራቶሪ ላኩ። በኋላ ቬሊንን ፍርድ ቤት እስኪቀርብ ድረስ ለቀቁት፤ ግን ዳቦ ቤቱ አባርሮታል፣ የመኪናው መስታወት በድንጋይ ተሰብሯል፣ ሰው ሲያየው መንገድ ይቀይራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

በመኸር የዶብሪ ሙት ዓመት ደረሰ። ስታና የስንዴ ንፍሮዋን ቀቅላ፣ ስኳር ነስንሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ቆመች። በእኛ ዘንድ ጠላትህም ቢሆን የሙት ንፍሮ ይዞ ከቆመ ትዘግናለህ፣ ነፍስ ይማር ትላለህ፣ ታልፋለህ። ያን ቀን ቅዳሴ ያስቀደሰው ሁሉ ወጣ፤ አንድም እጅ አልተዘረጋም። ሰዉ ጎንበስ እያለ አለፈ። እኔ ግን ዘገንኩ፣ ከስታና ሳህን ደግሜ ዘገንኩ፣ ሆዴ እስኪያብጥ እበላው ነበር። ቬሊን ከእናቱ ጀርባ ቆሞ ጫማውን ያያል። ስታና ሳህኑን አላወረደችም።

ያኔ ስቶይመን ወጣ። ከንፍሮው ሊዘግን እጁን ዘረጋ። ከስታና ትከሻ በላይ አጥሩ ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ አንዱ ኩና የለጠፈችው ገዳይ፣ ሌላው ጠዋት የተለጠፈው የዶብሪ ሙት ዓመት። እጁ ሳህኑ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ቅንድቡ" አለ።

አየሁ። የገዳዩ ግራ ቅንድብ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሏል። የዶብሪም እንደዚያው። ቬሊንን ዞሬ አየሁት፤ የእሱ ሁለቱም ቅንድቦች ቀጥ ያሉ ናቸው። ስቶይመን ወደ አጥሩ ቀረብ ብሎ ጣቱን መጀመሪያ በአንዱ ወረቀት ላይ፣ ከዚያም በሌላው ላይ አስኬደ።

"ይሄን ቅንድብ የሣልኩት እኔ ነኝ" አለ። "በዓለም ላይ ይሄ ቅንድብ ያለው ሰው የለም። ዶብሪ ራሱ የለውም።"

ስታና ሳህኑን ያኔ አወረደችው። "አላልኩህም?" አለችው፤ ሳትጮህ። "ባዶውን ተውልኝ አላልኩህም?"

በነጋታው ወደ አውራጃው ከተማ ፖሊስ ሄድን። ብቻዬን አልችልም ስላለኝ ሱቄን ዘግቼ አብሬው ተሳፈርኩ። መርማሪዋ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ስቶይመን የቅንድቡን ነገር ሁሉ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ የላቦራቶሪውን መልስ አወጣች፤ በዚያው ሳምንት ነበር የደረሳት። ስክሪኗን ወደ እኛ አዞረችው።

"እርስዎ ሳይነኩት በፊት ፎቶው ላይ የነበረው ይሄ ብቻ ነው፣ አቶ ስቶይመን።" ግራጫ ነጠብጣብ። "ፊት አይደለም። ሰው ነው ብዬ እንኳ አልምልም፤ የመቀመጫ ራስጌ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተርዎ ካስተማሯቸው ፊቶች አንዱን አንስቶ እዚህ ላይ አለበሰው። በደጋገሙት ቁጥር ይበልጥ እያሳመረው ሄደ።"

"ስለዚህ ቬሊን ነፃ ነው" አለ ስቶይመን። ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበር። "ቬሊን ነፃ ነው። አሁን እናንተ እውነተኛውን ከካርዱ ላይ ታገኙታላችሁ።"

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ልጅቷ ያነሳችው አንድ ፎቶ አልነበረም። መኪናው ሲመጣ በተከታታይ አንስታለች። ሌሎች ፎቶዎች እንደነበሩ ዱካው ይታያል። መኪናው እየቀረበ ነበርና ሰሌዳው የሚነበብበት አንዱ ሊኖር ይችል ነበር።"

"አሁንስ?"

"እርስዎ የሠሩትን እዚያው ካርድ ላይ ሲያስቀምጡ፣ በእነሱ ላይ ነው የተጻፈው። ጠፍተዋል። ማንም አይመልሳቸውም።" ቀስ ብላም ጨመረች። "ደም የነካው ልብስ አገኙ፣ አዘኑ፣ አጥበው ተኩሰው አመጡልኝ። ክፋት አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

ብትቆጣው እመርጥ ነበር። ቁጣ ሰውን ያቆመዋል። አውቶቡስ ውስጥ መስታወቱን ተደግፎ ተቀመጠ። "ዝላታ፣ ሰሌዳው እዚያ ነበር" አለኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንደገና "ሰሌዳው እዚያ ነበር" አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ምላሴ ይጎመዝዛል እንጂ ሰው አልገድልበትም።

ቤቱ አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ኩና ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ግቢዋ ውስጥ ለክረምት የሚቀመጥ ቃሪያ በብረት ምጣድ እየጠበሰች ነበር። ቆሞ ነገራት፤ አላሳጠረላትም፣ አላሳመረላትም። ቬሊን አለመሆኑን፣ ፊቱ የማንም አለመሆኑን፣ ሌሎቹ ፎቶዎች በእሱ እጅ መጥፋታቸውን። ኩና ቃሪያውን እያገላበጠች ሰማች።

"ሰሌዳውን ማንበብ ይቻል ነበር?" አለች።

"ሳይቻል አይቀርም ነበር፣ ኩና።"

"ለፖሊስ ብሰጠው ኖሮ?"

ቃሪያው ከሰለ፤ እሷም አላነሳችው፣ እኛም አላነሳነው።

ወረቀቶቹን ከየምሰሶው የቀደድኩት እኔና ስታና ነን። ክሱ ቀረ። ክስ ይቀራል፤ ሰው ግን ያየውን አይረሳም። ዳቦ ቤቱ ተመለስ ቢለውም ቬሊን አልተመለሰም። ስፔን ሄዶ እንጆሪ ሊለቅም ትኬት ቆርጦ፣ ለአባቱ መቃብር አበባ ሊገዛ ወደ እኔ መጣ። ስቶይመን ድምፁን ሰምቶ ከሱቁ ወጣ። ይቅርታ ሊለው ፈልጎ አፉን ሲከፍት ቬሊን ቀደመው።

"ጋሽ ስቶይመን" አለው ቬሊን፣ "የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። አባቴ ግን ዕዳ አልነበረበትም። ከመቃብር አስነስተው ነፍሰ ገዳይ አደረጉት።" አበባውን ይዞ ወደ መቃብሩ ወጣ። ስታና ዛሬ ብቻዋን ናት፤ እሑድ እሑድ ስልክ ይደውልላታል።

ከዚያ በኋላ ስቶይመን ፎቶ ማሳመር ተወ። ሰው የሚያመጣለትን እንዳለ ያትማል። አፉን በሥጋ የሞላው አፉን እንደሞላ፣ ዓይኑን የጨፈነው እንደጨፈነ። "ምነው ጋሽ ስቶይመን፣ እናቴን እንዲህ አድርገው ይሸኟታል?" ይሉታል። "እናትህ ናት" ይላል። ሰዉ ተቆጥቶ አደባባዩ ላይ ወደተከፈተው አዲስ ፎቶ ቤት ሄደ። ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ከጠፋ ቆየ። ሳነጋግረው ይመልስልኛል፤ ሾርባ ስወስድለት ይበላል። ልቡ የተሰበረ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል?

በጸደይ የራሊጻ ሙት ዓመት ሲደርስ ኩና መጣች። አዲሱ ፎቶ ቤት አልሄደችም። እኔ ደጃፌ ላይ ባልዲዎቼን ሳጥብ አልፋኝ ገባች፤ ተከትያት በር ላይ ቆምኩ። የልጅቷን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከትምህርት ቤት በመጣች ቀን ኩሽና ውስጥ የተነሳች ናት፤ ፀጉሯ አልተበጠረም፣ አገጯ ላይ ቀይ ብጉር አለ።

"እንዳለች አትምልኝ" አለችው። ሁልጊዜ አንቱ የምትለውን ሰው ያን ቀን አንተ አለችው። "ያቺን ብጉር መስታወት ፊት ቆማ ስትረግማት ነበር። እንዳትነካት።"

"አልነካትም።"

ማተሚያው እስኪያወጣላት ቆማ ጠበቀች። ወረቀቱን ይዛ ልትሄድ ስትል ቆመች።

"ጋሽ ስቶይመን፣ ያንን ፊት አፍርስልኝ።"

"ሁሉንም ቀድጄዋለሁ፣ ኩና። ከኮምፒውተሩም አጥፍቼዋለሁ።"

"ከእኔ ላይ ነው የምልህ። ማንም እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነግረኸኛል፣ ገብቶኛል። ዓይኔን ስጨፍን ግን እሱ ነው የሚመጣው። ልጄን ሲገጫት የማየው እሱን ነው። የምጠላው ፊት ሰጠኸኝ፤ አሁን የለም ትለኛለህ። አንተ እንደሠራኸው አንተው አፍርሰው።"

ስቶይመን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያቸው ነበር። "አልችልም፣ ልጄ" አለ፤ እንባው ያለ ድምፅ ወረደ። ኩና ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ጠጋ ብላ ጃኬቱ ትከሻ ላይ የነበረ ክር አንስታለት ወጣች።

አሁን ኩና ከፋብሪካ ስትወጣ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት ድልድዩ ጋ ትቀመጣለች። የራሊጻ ወረቀት እዚያው ምሰሶ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲያጥበው ስቶይመን ራሱ ሄዶ በአዲስ ይቀይረዋል። መኪና በመጣ ቁጥር ኩና ቀና ብላ በመስታወቱ ውስጥ ሹፌሩን ታያለች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ "ምን እየፈለግሽ ነው፣ ልጄ?" አልኳት። የምትለውን አውቀው ነበር፤ ግን ጠየቅኳት።

"ቅንድቡን" አለችኝ። "የለም፣ አውቃለሁ፣ እትዬ ዝላታ። ግን ሌላ የማየው ምልክት አልሰጡኝም።"

ሌላ መኪና መጣ። ቀና ብላ አየች።